ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ክፍል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እህቴ «ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወረደች» ብላኝ ደስታዬን ሳልጨርስ፣ «ለመውጣት ግን ሁለት ሰው ፈለገች» ብላ ጨመረችበት። እባክሽ አትቸኩይ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «እስኪበቅሉ ድረስ አያቴን በስልክ አላናግርም» ብላለች። መነጽርሽ ከተሠራልሽ ይህን ራስሽ አንብቢው። ካልተሠራልሽ እስኪሠራ አስቀምጪው እንጂ ለእህቴ አትስጫት፤ ፊደሉን ያተለቅሁት ለዚሁ ብዬ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማታስጨርሺኝ ነው። አንቺ የተበላሸ ፍሪጅ ወሬ እንደ ተረት ትወጃለሽ። ገና «አንድ ቤት ሄጄ» ስል «ጋዙ አልቆ ነው» ትያለሽ፤ አይደለም ስልሽ «እንግዲያው በሩ አልገጠመም» ትያለሽ፤ አንዱ የተሳካልሽ እንደሆነ ደግሞ እንዳሸነፈ ሰው ስቀሽ ስልኩን ትዘጊዋለሽ። ይኼኛው እንደዚያ በግምት የሚያልቅ አይደለም። ሳታቋርጪኝ እንድትሰሚኝ በወረቀት መጣሁብሽ።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቃል አታባክንም። ፍሪጁ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አከታትላ ነገረችኝና «መቼ ትመጫለሽ?» አለች። ዳኛ መሆኗን ያወቅሁት ቤቷ ስደርስ ነው፤ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ዶሴ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ዳኛዋ እላታለሁ።

ማድ ቤት ገብቼ ፍሪጁን ፈለግሁ። አትሳቂ፤ አሥራ አራት ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬ ፍሪጅ ጠፋኝ። እነዚህ ውድ ፍሪጆች እንደኛ ቤት ጥግ ይዘው አይቆሙም። ግድግዳ ውስጥ ይገቡና በራቸው ላይ የቁምሳጥኑ ዓይነት እንጨት ይለበጥባቸዋል፤ ከሳህን ማስቀመጫው አትለያቸውም። መጀመሪያ የከፈትኩት ብርጭቆ የተደረደረበትን ነው። ሁለተኛው ውስጥ መጥረጊያና መወልወያ አገኘሁ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ አንድ ሽማግሌ «ሐኪሟ በሽተኛው ከጠፋባት እኛማ ምን እንሁን» አሉ። የዳኛዋ አባት ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠሩኝ የበረዶ ሐኪም እያሉ ነው።

የችግሩ ምንጭም እሳቸው ናቸው፤ ማለቴ መድኃኒታቸው ነው። በየቀኑ የሚወጉት መድኃኒት አለ። በረዶ ከሆነም፣ ከሞቀም ይበላሻል፤ ልክ ባለው ቅዝቃዜ ላይ መቆየት አለበት። ሽማግሌው ወደዚያ ቤት ከመጡ አምስት ወራቸው ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ተጥሏል። የመጨረሻውን መበላሸቱን ማንም ሳያውቅ ተወግተውት ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኝተው ወጥተዋል። ማታ ሲተኙ ከበሩ ውስጥ በኩል ያለው የሙቀት ቁጥር አራት ዲግሪ ነው፤ ጠዋት ሲነሱ አሥራ ሦስት ይሆናል፤ እኩለ ቀን ላይ ምንም እንዳልነበረ ተመልሶ አራት ነው።

አሁን «ሠራተኛዋስ እንዴት ናት?» ትያለሽ። የሄድኩበትን ቤት ሁሉ ስነግርሽ የምትጠይቂው እሷን ነው፤ የባለቤቶቹን ደህንነት ጠይቀሽኝ አታውቂም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን ታስቅሻለች። መሣሪያዬን ወለሉ ላይ ስዘረጋው አይታ «ይኼ ሁሉ ካቻቪቴ ለአንድ በሽተኛ? ይፈራል እኮ» አለችኝ። ሽማግሌውን አባባ ትላቸዋለች። መርፌያቸውን በሰዓቱ የምትወጋቸውም፣ ሲነጫነጩ የምታባብላቸውም እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ታድራለች፤ ከዚያ ሌላ ከቤቱ አትለይም።

የመጀመሪያው ቀን ማንም ጠጋኝ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከላይ ያለውን ክዳን ፈትቼ ሙቀት የሚያስወጡትን ቱቦዎች በብሩሽ ጠረግሁ፤ የዓመታት አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ወጣ። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያስጠርጉ ግማሹ ደንበኛዬ ባልጠራኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ የሚተነፍሰው በግንባሩ በኩል ነው፤ ከበሩ በላይ ባለ ፍርግርግ። በዚህ ቤት ግን ፍርግርጉ እንዳይታይ ብሎ አናጢው በእንጨት ዘግቶት አየሩ በኋላ በኩል በግድግዳው ቀዳዳ እንዲወጣ አድርጓል። እጄን አስገብቼ ሞከርኩት። ሙቁ አየር በደንብ እየሄደ ነው። ይሄዳል አልኩና ተውኩት። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት እማዬ። ገና አሁን አትገምቺ።

ከዚያ የበሩን ጎማ በወረቀት ፈተንኩ። ወረቀቱን በሩ ላይ አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ሳይታገልሽ ከወጣ ጎማው አልያዘም ማለት ነው። ከታች በኩል አንዱ ጥግ ላላ አለብኝ። አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፤ ጎማውን ቀየርኩ። በሳምንቱ ዳኛዋ ደውላ «ዛሬም አሥራ ሦስት ነው» አለችኝ። ሁለተኛ ሄጄ የአየር ማራገቢያውን ቀየርኩ፤ ድምፁ ትንሽ ይጎረብጠኝ ነበርና እሱ ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ደወለች። ሦስተኛ ሄድኩ። ጋዙን ለካሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተንኩ፣ በሩ ወደ አንድ ወገን ዘምሞ እንደሆነ ብዬ እግሮቹን እንኳ በውሃ ልክ አየሁ። ጤነኛ ነው። እኔ ባለሁበት ሁልጊዜ ጤነኛ ነው። ሽማግሌው «ሐኪም ሲያይ የሚድን በሽታ የእኔም አለብኝ» አሉ።

ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። ረቡዕ ቀን ነበር። ቁጭ ብላ «ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነው ብለሻል» አለችኝ። «ማሽኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው። በሩን ከፍቶ የሚረሳ እጅ አለ ማለት ነው። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ምክንያት ካመጣሽልኝ እሰማለሁ። ካላመጣሽ የአባቴን ነፍስ ለሚረሳ ሰው አልተውም።» ይህን ስትናገር ሠራተኛዋ እዚያው ነበረች። ጠረጴዛ ትወለውል ነበር፤ መወልወሏን አላቆመችም፤ የወለወለችውን ቦታ ግን ደግማ ወለወለችው።

እንግዲህ ቀን የሚመጣ ጠጋኝ የሚያየው የቀን በሽታ ነው። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ሙቀት እየለኩ የሚመዘግቡ፣ ጣት የሚያካክሉ ሁለት መሣሪያዎች አሉኝ፤ በዚያው ዕለት አንዱን ከመድኃኒቱ አጠገብ፣ ሌላውን ከላይ ከፍሪጁ ሞተር፣ ከኮምፕሬሰሩ ጎን አስቀመጥኩ። ማክሰኞ ሄጄ አመጣኋቸውና የመዘገቡትን በወረቀት አወጣሁት። ልጆቹ እራት እየበሉ እኔ ወረቀቱን ከሳህኔ አጠገብ ዘርግቼ አፍጥጬ ነበር። ባለቤቴ «የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አለኝ። ከዚያ አያንስም ነበር። በየዕለቱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሙቀቱ መውጣት ይጀምራል፤ እየወጣ እየወጣ ያነጋል፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መውረድ ይጀምራል። ሰዓት ጠባቂ ነው። ስድስት ሌሊት ተመዝግቧል፤ አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

ቅዳሜ ሌሊት ነበር።

እሷ ናት አልኩ። ሳልፈልግ፣ ወዲያው፣ ከዳኛዋም ፈጥኜ። በኋላ ባፍርበትም ያን ጊዜ ያልኩት እሱን ነው። ማታ ማታ ትነቅለዋለች፣ ምናልባት በዚያ ሶኬት ሌላ ነገር ትሰካ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን የላይኛው መሣሪያ አልተስማማኝም። ፍሪጅ ከተነቀለ ኮምፕሬሰሩ ይበርዳል። ይሄ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየጋለ፣ እየጋለ ነው የሄደው። አልተነቀለም። በሩም ተከፍቶ አላደረም፤ ቢሆን ኖሮ የውስጡ ሙቀት ባንዴ ይዘል ነበር እንጂ እንዲህ ቀስ እያለ አይወጣም። ማሽኑ እየሠራ ነው። ግን ታፍኗል። የሚተነፍስበትን አንድ ሰው በየማታው ይይዘዋል፣ በየንጋቱ ይለቀዋል።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ዳኛዋ ችሎት ላይ ሳለች ሄድኩ። ክዳኑን ፈትቼ ያን የኋላውን ቀዳዳ እያየሁ «ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምንድነው ያለው?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። «ዕቃ ቤት ነው» አሉኝ። ሠራተኛዋ ሳህን እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «እኔ ነኝ ያለሁት» አለች።

እጇን አድርቃ ወሰደችኝ። ክፍሉ ከአልጋው ብዙም አይሰፋም፤ አልጋው የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ብታዞሪው በሩ አይከፈትም። ከትራሱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የደብተር ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ። አናጢው በቀጫጭን እንጨት አሳምሮ ፍርግርግ ሠርቶለታል። ፊቴን አስጠጋሁ። ሙቅ ነው፤ የታመመ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። እንዲያ በሚጋገር ክፍል ውስጥ አልጋው ግርጌ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። እሱን አየሁ፣ ቀዳዳውን አየሁ፣ እሷን አየሁ። እሷም የማየውን አየች።

«ፊቴ ላይ ይነፍሳል» አለችኝ። «ደግሞ ያጉረመርማል። አሁን ተወኝ ስል ይጀምረኛል። እኔ ደሞ ለመሸፈኛ አልፈልገው፣ ስተኛ በብርድ ልብሱ እወትፈዋለሁ። ጠዋት አልጋዬን ሳነጥፍ አወጣዋለሁ።» ደብቃ አይደለም፤ አልጋ ማንጠፏ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ስመጣ ያላገኘሁት አልጋዋ ስለተነጠፈ ነው።

ምን እንዳደረገች አላወቀችም። ነገርኳት፤ መደበቅ አልሆነልኝም። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይሠራም፣ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ አልኳት፤ የሚጥልበት ከጠፋ ሸክሙን እንደያዘ ይቀራል። ከአልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ታዲያ አባባን ሐኪም ቤት ያስተኛኋቸው እኔ ነኛ» አለች። ቀዳዳውን ያበጀሽው አንቺ አይደለሽም ብላት አልሰማችኝም። «ንገሪያት» አለችኝ። «መንገርሽ አይቀርም፤ ሥራሽ ነው። ብቻ ነገ ጠዋት አትምጪ። አባባን ቁርስ ሳላበላ እንዳልወጣ።»

ከዚያ እንደወጣሁ ለአናጢው ደወልኩ። በሥራ የምንተዋወቅ ሰው ነው፤ ለክቶ ለክቶ ስለማይጠግብ ሚሊሜትር እንለዋለን። ቀዳዳውን አስታወሰው። «የቤቱ ባለቤት ፍርግርግ ማየት አልፈለገችም፤ ፕላኑ ላይ ከኋላ ዕቃ ቤት ይላል። ዕቃ መቼ ሙቀት ያስቸግረዋል ብዬ ነው» አለኝ። አሁን ሰው ይተኛበታል አልኩት። «አልጋ እኮ አይገባም እዚያ» አለ። ገብቷል አልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌው ከመምጣታቸው በፊት ሠራተኛዋ ሌላ ክፍል ነበራት። እሳቸው ሲመጡ ያ ክፍል ለእሳቸው ተሰጠ፤ እሷ ወደ ዕቃ ቤት ገባች። ፍሪጁም የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው። ጭካኔ አልነበረበትም። ሁሉም በየበኩሉ የሚሆነውን ያህል አድርጓል፤ ከኋላ ማን እንዳለ የጠየቀ ብቻ አልነበረም። እኔንም ጨምሮ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማሰላስለው ወረቀቱን ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱን ባሳያት ቅዳሜን ታያለች። ቅዳሜን ካየች ክፍሉን አታይም። መዋሸት ደግሞ አልችልም፤ ሽማግሌው ሐኪም ቤት እስከ መተኛት ደርሰዋል። ወረቀቱን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ገባሁ።

ዳኛዋ «አገኘሽ?» አለችኝ። አግኝቻለሁ አልኳት። «ማነው?» አለች። ምንድነው አላለችም።

ክርክሩ በወረቀት ብቻ አልጨበጥ ሲል ዳኛው ቦታው ድረስ ሄዶ ያያል አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ያያል አለች። እንግዲያውስ ቦታው ሩቅ አይደለም አልኳት። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ አልጋው ላይ እንድትተኛ ለመንኳት። ማሽኑ እንዲሠራ ብዬ የፍሪጁን በር ለጥቂት ደቂቃ ከፍቼ እንደነበርም ነገርኳት፤ የተደበቀ ነገር አለ እንዳትል። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደምታስወጣኝ ጠብቄ ነበር። ይህች ሴት ግን ጥያቄ ካልተመለሰላት የማትተኛ ናት፤ እሱን እወድላታለሁ። ጫማዋን አውልቃ ተኛች። ሽማግሌው ከማድ ቤት ሆነው «ችሎት ተኝቶ መሰየም ከመቼ ወዲህ ነው?» ሲሉ ተሰማ። ሠራተኛዋ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ምን ላድርግ?» አለች ዳኛዋ። ምንም፣ እንደሚተኛ ሰው ይሁኑ አልኳት።

መጀመሪያ ጣሪያውን አየች። ቀጥሎ የእጅ ሰዓቴን። በአራተኛው ደቂቃ ትራሱን ወደ ታች ሳበችው፤ ወደ ታች ግን ቦታ የለም። ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ብድግ ቁጭ ይላል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ወደ በር መለሰችው። ማሽኑ ያጉረመርማል። በስምንተኛው ደቂቃ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷ ላይ ላብ ወርዷል። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሆን በግማሽ ቀና አለች። እጇ ወደ አልጋው ግርጌ ሄደ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ሳታይ፣ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አንስታ ቀዳዳው ውስጥ ወተፈችው። ተመልሳ ጋደም አለች።

ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። እጇ አሁንም ብርድ ልብሱ ላይ ነበር።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እንደተኛች አነበበችው፤ ንባብ ታውቅበታለች፣ ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቅዳሜ» አለች ለራሷ። ተነስታ ተቀመጠችና ሠራተኛዋን «ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት። ሠራተኛዋ «ነግሬዎት ነበር እኮ እትዬ። አባባ በመጡ በሳምንቱ። ለጊዜው ነው አሉኝ» አለች። ዳኛዋ ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ይቅርታ ስትጠይቅ አልሰማሁም። ቅዳሜ ግን ሚሊሜትር መጥቶ ቀዳዳውን በብሎኬት ዘጋው፤ ከፍሪጁ በላይ ያለውን እንጨት አውልቆ በምትኩ ፍርግርግ ገጠመ። በራሱ ሥራ ላይ መጋዝ ሲያነሳ ፊቱን ብታይው፣ የወለደውን የሚቀጣ ይመስል ነበር። እኔም መሣሪያዎቼን መልሼ ሳምንት አቆየኋቸው፤ ሁሉም ሌሊት እንደ ቅዳሜ ሆነ። የመጨረሻ ቀን ስሄድ ዶሴዎቹ ከሳሎን ጎን ካለው ክፍል ጠፍተዋል፤ በምትካቸው ያ አልጋ መስኮት ሥር ተዘርግቷል። ዶሴዎቹ ዕቃ ቤት ገብተዋል። ሠራተኛዋ ስትሸኘኝ «አሁን ደሞ በጣም ጸጥ ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላ ሳቀች።

ይኼውልሽ። ታሪኩ ለሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ያን ሐሙስ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የማስበው ዳኛዋን አልነበረም። አምስት ወይም ስድስት ዓመቴ ይሆናል። አንቺ የምትሠሪበት ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍላችን። መለያው ጣውላ ነበር፤ ከጣውላው ማዶ ነጩ ፍሪጅ። ሲነሳ ግድግዳው ይንዘፈዘፋል፤ ሲቆም ደግሞ ላዩ ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። ያን ጊዜ ደረቴን ታምሜ ነበር፤ ደንግጬ በነቃሁ ቁጥር ሳሉ ይቀሰቀስብኛል፣ ከተቀሰቀሰ አይተወኝም። መዳፍሽን ጆሮዬ ላይ ታደርጊልኝ ነበር፤ የሳሙናው ሽታ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጠዋት አለ። የማድ ቤቱ ወለል ውሃ ሆኗል፤ አንቺ ተንበርክከሽ ትጠርጊያለሽ፤ ከበላይሽ ቆማ የምትናገር ሴት አለች። ምን እንዳለች አላስታውስም። በዚያው ቀን ጓዛችንን ተሸክመን ወጣን። መንገድ ላይ ለምን እንደሆነ ስጠይቅሽ «የዚያ ቤት አየር ለደረትሽ አልተስማማም» አልሽኝ።

ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ቤት በስልክ ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይበላሻል። ሌላው ወሬ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው «አልሰማሽም፣ አልሰማሽም» የምትይው። ይህን ሥራ ስጀምር «ሴት ልጅ ፍሪጅ ጥገና ምን አገባት» ያላለኝ ዘመድ የለም፤ አንድም ቃል ያልተናገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የመጀመሪያውን ፍሪጅ አስነስቼ የነገርኩሽ ቀን አለቀስሽ፤ ደስ ብሎሽ ነው ብዬ ነበር።

ስለዚህ አልጠይቅሽም፤ መልስም አትጻፊልኝ። የማውቀውን አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ የነገረሽ ሰው የለምና። ወለሉ ውሃ ከሆነበት ጠዋት በፊት የነበሩትን ሦስት አራት ሌሊቶች አስታውሳቸዋለሁ። ፍሪጁ አልተነሳም፤ ግድግዳው አልተንዘፈዘፈም። ጠርሙሶቹም አልተንጫጩም። አልሳልኩም። እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ዓይንሽን ከብርሃን፣ ቤትሽን ከሰው አያጉድልብኝ። እህቴን ሳሚልኝ። የሠራሽልኝ ሁሉ፣ የማውቀውም የማላውቀውም፣ ለነፍስሽ ይቆጠርልሽ።

ትልቋ ልጅሽ